ስንት? በስንት ውስጥ? ምግብን በግራም መለካትና የማሸጊያን ጽሑፍ ማንበብ

እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት የታወቀ ቀን ሐኪሟ «ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ» ብሎ መከራት። ቤት ስንደርስ፣ ቡናው ገና ሳይቀርብ፣ ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ 5 ግራም ማለት ስንት ማንኪያ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት እያለሁ ግራምን ወደ ኪሎ ግራም፣ ሚሊ ሊትርን ወደ ሊትር ስቀይር አድጌያለሁ። 5 ግራም ጨው ግን መዳፌ ላይ አድርጌ አይቼ አላውቅም ነበር።

መልሱ ይኸውና። ያልተቆለለ፣ አፉ በቢላ ጀርባ ተጠርጎ ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከ5 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ 5 ግራም ማለት ትንሽ ጎደል ያለ የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አዋቂ ሰው በቀን ከዚህ በታች እንዲወስድ ይመክራል። ይህ ደግሞ የቀኑ ጠቅላላ ነው። ወጡ ላይ የምንነሰንሰው ብቻ አይደለም። ዳቦው ውስጥ ያለው፣ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ የገባው፣ ከሱቅ የገዛነው ብስኩት ውስጥ የተደበቀው ሁሉ አብሮ ይቆጠራል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ልማድ ነው። ምግብ ላይ ቁጥር ስታዩ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ስንት ነው? በስንት ውስጥ ነው? ሁለተኛው ካልተመለሰ የመጀመሪያው ምንም አይነግራችሁም።

ደረጃ 1፦ መለኪያዎቹን ከነቤተሰባቸው ማወቅ

ሜትሪክ ከሚባለው የመለኪያ ሥርዓት ሁለት ቤተሰብ ይበቃችኋል። አንዱ የክብደት ነው፣ ሌላው የፈሳሽ ይዘት።

ክብደት ላይ በየደረጃው የምትረግጡት በ1,000 ነው። 1 ኪሎ 1,000 ግራም ነው። 1 ግራም 1,000 ሚሊ ግራም ነው። 1 ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም ነው። ወደ ላይ ኩንታል አለ፣ 100 ኪሎ። ሩብ ኪሎ ቡና ስትገዙ 250 ግራም ገዛችሁ ማለት ነው።

ማሸጊያ ላይ ግን ስማቸው ሙሉውን አይጻፍም። በላቲን ፊደል ያጥራል። «ጂ» ብቻዋን ከሆነች ግራም ናት። «ኬ ጂ» ኪሎ ግራም፣ «ኤም ጂ» ሚሊ ግራም ነው። «ኤም ሲ ጂ» ከሆነ ደግሞ ማይክሮ ግራም ነው። አንዳንድ ጊዜ ማይክሮ ግራም በግሪክ ፊደል፣ ጭራ ባላት ምልክት ይጻፋል። «ኤም ጂ»ንና «ኤም ሲ ጂ»ን አደራ አታምታቱ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ነው።

ማይክሮ ግራምን የሚያህል ትንሽ ነገር ለምን ይለካል ካላችሁ፣ አዮዲን ያለውን ጨው አስቡ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ 250። ለዓይን የማይታይ መጠን ነው፤ ሲጎድል ግን እንቅርት ያመጣል፣ የፅንስን የአእምሮ እድገትም ይጎዳል። አንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን አለ እንበል። ይህ ማለት በ1 ግራም ጨው ውስጥ 30 ማይክሮ ግራም ነው። 5 ግራም ጨው በቀን ከወሰዳችሁ ልክ 150 ይሆናል። ጨው መቀነስና አዮዲን ማግኘት እንደማይጣሉ ከዚህ ታያላችሁ። ብቻ አዮዲን ሙቀትና እርጥበት ስለሚቀንሰው ጨውን በሚከደን ዕቃ ያዙ፣ ወጡ ላይም ወደ መጨረሻ ጨምሩ።

የፈሳሹ ቤተሰብ አጭር ነው። 1 ሊትር 1,000 ሚሊ ሊትር ነው። ማሸጊያው ላይ ሚሊ ሊትር «ኤም ኤል» ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሊትርና ኪሎ አንድ የሚሆኑት ለውኃ ብቻ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ይመዝናል። ወተትም በጣም ይቀርበዋል። ዘይት ግን ከውኃ ይቀልላል። 1 ሊትር ዘይት ወደ 920 ግራም ነው። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ዘይት ሚዛን ላይ ቢወጣ፣ ዘይቱ ብቻ 4.6 ኪሎ አካባቢ ነው። ጎደለ ብላችሁ ከባለሱቁ ጋር አትጣሉ። ማር ደግሞ ከውኃ ይከብዳል። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ማር ሲሞላ 1.4 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ማር በኪሎ ተዋውላችሁ በሊትር ዕቃ ከተሰፈረላችሁ ሂሳቡ ላይ ልዩነት አለ፤ አስመዝኑት።

ደረጃ 2፦ ሚዛን ማስተዋወቅ

ትንሽ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ብትገዙ ከዚህ ጽሑፍ ግማሹ ራሱን በራሱ ያስተምራችኋል። እስከ 5 ኪሎ የሚመዝንና በ1 ግራም የሚቆጥር ይበቃል።

ጠፍጣፋና የማይወዛወዝ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ባዶውን ሳህን አስቀምጡበት። ከዚያ «ታሬ» ወይም «ዜሮ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ሳህኑ ላይ እያለ ቁጥሩ ወደ 0 ይመለሳል። አሁን ሽሮውን ጨምሩ። የምታዩት የሽሮው ክብደት ብቻ ነው። እንደገና ዜሮ አድርጉና ቀጣዩን እዚያው ሳህን ላይ ጨምሩ። ዕቃ ማቆሸሽ የለም።

ሚዛኑ ላይ መለኪያ የሚቀይር ሌላ ቁልፍ አለ። ልጅ ነክቶት አሜሪካኖች ወደሚጠቀሙበት የክብደት መለኪያ፣ ወደ አውንስ፣ ሊቀየር ይችላል። መመዘን ከመጀመራችሁ በፊት ግራም ላይ መሆኑን እዩ። «ኤም ኤል» ላይ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ሚዛኖች ሁሉንም ነገር እንደ ውኃ ይቆጥሩታል፤ ለዘይት አይሆንም።

ሚዛናችሁ ልክ መሆኑን ለማየት የታሸገ ባለ 1 ሊትር ውኃ ግዙ። ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉ፣ ውኃውን በሙሉ ገልብጡበት። ወደ 1,000 ግራም ከቀረበ ሚዛኑ ደህና ነው። ጥቂት ግራም ቢለያይ አያሳስብም፤ 50 ግራም ከሳተ ግን መልሱት።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ስኒ፣ ጭልፋና ማንኪያ መለካት

እናቶቻችን የሚለኩት በእጃቸውና በዓይናቸው ነው። እኔ ይህን ልማድ ጣሉ አልልም። የምለው አንድ ጊዜ ብቻ ሚዛን ላይ አውጡት ነው።

ቤታችሁ ያለውን ኩባያ ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ዜሮ አድርጉ። እስከ አፉ ውኃ ሙሉ። ሚዛኑ 230 ካለ ኩባያችሁ 230 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። በዚያው መንገድ ስኒውን፣ የሻይ ብርጭቆውን፣ ጭልፋውን ለኩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ለጥፉ። ማንኪያ ላይ ቤት ከቤት ይለያያል፤ በመመሪያ መጻሕፍት ግን የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይታሰባል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኩባያው አንድ ቢሆንም ውስጡ የገባው ይለያያል። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ስኳር 200 ግራም አካባቢ ነው። የስንዴ ዱቄት በዚያው ኩባያ 120 ግራም አካባቢ ነው። ዱቄቱን ጠቅጥቃችሁ ከሰፈራችሁት ደግሞ ከዚያ በጣም ይጨምራል። ገበያ ላይ በጣሳ ስንገዛ ጣሳው ተነቅንቆ ይሁን ሳይነቀነቅ የሚያከራክረን ለዚህ ነው። ክብደት ላይ ይህ ክርክር የለም።

ለእናቴ ያዘጋጀሁላት በጣም ቀላል ነገር ነው። ጠዋት 5 ግራም ጨው መዝኜ በትንሽ ብልቃጥ አደርግላታለሁ፤ የቀኑን ጣሪያ በዓይኗ እንድታየው ነው እንጂ ዳቦውና ሽሮው ውስጥ ያለው ከዚያ ይቀነሳል። መጀመሪያ ያየችው ቀን ብልቃጡን እያገላበጠች ዝም ብላ ቆየች። «ይቺ ናት?» አለች። አዎ፣ ያቺው ናት።

ደረጃ 4፦ የማሸጊያውን ሠንጠረዥ ከላይ ማንበብ መጀመር

ብዙ ሰው ዓይኑ ቀጥታ ካሎሪው ላይ ያርፋል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የሠንጠረዡ አናት ነው። እዚያ ላይ «በ100 ግራም» ወይም «በ100 ሚሊ ሊትር» ወይም «በአንድ ድርሻ» የሚል ነገር አለ። «በስንት ውስጥ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው።

ባለ 500 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ እንውሰድ። «ስኳር 10.6 ግራም» ይላል። ያን ያህል አይመስልም። አናቱን ስታዩ ግን በ100 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱ 5 ጊዜ 100 ነው። ስለዚህ 53 ግራም ስኳር ጠጣችሁ። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ ከ13 ማንኪያ በላይ ነው። ሻያችሁ ላይ 13 ማንኪያ የሚጨምር ሰው ብታዩ ምን ትሉ ነበር? የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዲያንስ ይመክራል፤ ወደ 25 ቢወርድ የተሻለ ነው ይላል። አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከጣሪያው አለፈ።

«በአንድ ድርሻ» የሚለው ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድርሻውን የሚጽፈው አምራቹ ነው፣ የሚበላው ግን እናንተ ናችሁ። 90 ግራም የሚመዝን ብስኩት ላይ ድርሻው 30 ግራም፣ ስኳሩ 7 ግራም ተብሎ ከተጻፈ፣ ፓኮውን የጨረሰ ልጅ 21 ግራም ስኳር በልቷል። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ሁልጊዜ በ100 ግራም የተጻፈውን ተጠቀሙ። ያ ከሌለ፣ ቁጥሩን ለድርሻው ክብደት አካፍላችሁ በ100 አባዙት።

የሚከተለው ጥያቄ ደግሞ ደረቁ ነው ወይስ የበሰለው የሚል ነው። ፓስታ፣ ሩዝና ምስር ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የደረቁ ነው። 100 ግራም ደረቅ ፓስታ ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የበሰለውን መዝናችሁ በደረቁ ቁጥር ካሰባችሁ ከእጥፍ በላይ ትሳሳታላችሁ። የዱቄት ወተትም እንደዚያው ነው። ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት ላይ በ100 ግራም 27 ግራም ያህል ቅባት ተጽፎ ስታዩ አትደንግጡ። አንድ ብርጭቆ የሚገባው ዱቄት 26 ግራም ከሆነ፣ ከቅባቱ የሚደርሳችሁ 7 ግራም ነው።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ውረዱ። ካርቦሃይድሬት ከሚለው ሥር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስኳር ይጻፋል። ስኳሩ የካርቦሃይድሬቱ አካል ነው፤ ደምራችሁ ሁለት ጊዜ አትቁጠሩት። ቅባት ላይም ሳቹሬትድ የሚባለው፣ እንደ ቅቤና ጮማ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው፣ የጠቅላላው ቅባት አካል ነው።

ጉልበቱ በሁለት ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል። «ኬ ካል» ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በተለምዶ ካሎሪ የምንለው እሱን ነው። «ኬ ጄ» ኪሎ ጁል ነው። 1 ኪሎ ካሎሪ 4.184 ኪሎ ጁል ስለሆነ፣ በኪሎ ጁል የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ይታያል። 2,000 ኪሎ ጁል የሚል ብስኩት 478 ኪሎ ካሎሪ ነው። የምግቡ ጉልበት አልጨመረም፣ መለኪያው ተቀየረ እንጂ።

ደረጃ 5፦ ሶዲየምን ወደ ጨው መመለስ

ይህ ደረጃ ግፊት ላለበት ሰው ከሁሉም ይበልጥበታል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሁለት የታሸጉ ምግቦች ፊታችሁ አሉ። አንዱ «ጨው 1.2 ግራም» ይላል። ሌላው «ሶዲየም 480 ሚሊ ግራም» ይላል። ሁለቱም በ100 ግራም ነው። የቱን ትመርጣላችሁ? እኔ መጀመሪያ ላይ 480 የሚለው አስፈርቶኝ 1.2 የሚለውን አነሳሁ። ሁለቱ ግን እኩል ናቸው።

ሶዲየም የጨው አንድ ክፍል ነው። ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። ሶዲየሙን ወደ ጨው ለመመለስ በ2.5 አባዙት። 480 ሲባዛ በ2.5፣ 1,200 ሚሊ ግራም። ለ1,000 ስታካፍሉት 1.2 ግራም። በቃ። በዚሁ ስሌት የቀኑ 5 ግራም ጨው 2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ነው። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት።

የወጥ ማጣፈጫ ኩብ የምትጠቀሙ ሰዎች ዛሬውኑ ማሸጊያውን አገላብጡት። ከግማሽ በላዩ ጨው የሆነ ብዙ ነው። 4 ግራም ኩብ ጨመርን ስትሉ ከ2 ግራም ያላነሰ ጨው ጨመራችሁ ማለት ሊሆን ይችላል። ኩቡ ላይ ደግሞ ጨው መነስነስ የተለመደ ነው።

ሠንጠረዥ የሌለው ዕቃ ከሆነ የግብዓት ዝርዝሩን እዩ። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ የገባው ይቀድማል። ስኳር ወይም ጨው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከተቀመጠ ቁጥር ባይኖርም ገብቷችኋል።

ደረጃ 6፦ ከውጭ የመጣ ዕቃ

ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የታሸገ ምግብ አይጠፋም። የአሜሪካው ሠንጠረዥ የሚናገረው በድርሻ ነው። ኩባያና አውንስ ይጠቅሳል፤ አጠገቡ ግን ግራሙ አለ። እሱን ያዙ። የክብደት አውንስ 28 ግራም፣ ፓውንድ 454 ግራም ያህል ነው። የፈሳሽ አውንስ የሚባል ሌላ አለ፣ ወደ 30 ሚሊ ሊትር። ስማቸው ይመሳሰላል፣ አንዱ ክብደት ነው፣ ሌላው ይዘት። የዚያ አገር ማሸጊያ ኩባያውን 240 ሚሊ ሊትር ብሎ ያስበዋል።

በስተቀኝ የተደረደረው መቶኛ ከቀኑ ፍጆታ ስንቱን እንደሚሸፍን ይናገራል። 5% እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 20% እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ሶዲየም 20% ካያችሁ ቆም በሉ። ደግሞ «0» የሚለው ሁልጊዜ ባዶ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ደንብ በአንድ ድርሻ ከግማሽ ግራም በታች የሆነ ትራንስ ፋት (ለልብ ጎጂ የሆነ የቅባት ዓይነት) 0 ተብሎ እንዲጻፍ ይፈቀዳል። አምስት ድርሻ የበላ ሰው ግን ዜሮ አልበላም።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ100 ግራም መጻፍ ግዴታቸው ነው፤ የሚጽፉትም ሶዲየም ሳይሆን ጨው ነው። ለማወዳደር እጅግ ይመቻል። ብቻ ጀርመን ወይም ጣሊያን ያላችሁ፣ እዚያ ነጥቡ የሚጻፈው በኮማ ነው። «0,5» ማለት ግማሽ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ማሸጊያው ፊት ላይ የሚለጠፈውን ቀይ ምልክት ታውቁታላችሁ። ሶዲየም፣ ስኳር ወይም ሳቹሬትድ ቅባት ከተወሰነው ሲያልፍ ይወጣል። ዕብራይስጡን ማንበብ ለሚቸግራቸው ለአዲስ ገቢ እናቶችና አባቶች ይህን ምልክት ማሳየት ትልቅ ውለታ ነው።

ደረጃ 7፦ ሠንጠረዥ ለሌለው ወጥ ሠንጠረዥ መሥራት

የምንበላው አብዛኛው ምግብ ማሸጊያ የለውም። ሽሮ ወጥ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ስለዚህ እኛው እንጻፍለት። እኔና እናቴ አንድ እሑድ ያደረግነው ይህን ነበር።

መጀመሪያ ባዶውን ድስት መዘንን፤ 870 ግራም። ከዚያ የሚገባውን ሁሉ እየመዘንን ጨመርን። 200 ግራም ሽንኩርት። 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ እሱም 74 ግራም ያህል ነው። 150 ግራም ሽሮ። 10 ግራም ጨው። ውኃው ጉልበት ስለሌለው አልቆጠርነውም።

ለስሌቱ ሦስት ቁጥር መያዝ ነው። 1 ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ 1 ግራም ፕሮቲን 4። ዘይት ሙሉ በሙሉ ቅባት ስለሆነ 74 ሲባዛ በ9፣ 666 ኪሎ ካሎሪ። ሽሮውን በ100 ግራም 360 ብንለው 540 ይሆናል። ሽንኩርቱ 80 ገደማ። ድምሩ 1,286።

ይህን ቁጥር ሳይ ያስደነገጠኝ የዘይቱ ድርሻ ነው። ከወጡ ጉልበት ከግማሽ በላይ ከዘይቱ የመጣ ነው። ዘይቱ ሽሮው ውስጥ ገብቶ አይታይም። በጾም ወቅት ቅቤና ሥጋ ስለቀረ ምግቡ ቀለለ ብለን ከጄሪካኑ በዓይን መጠን ስንጨምር፣ ጉልበቱ እዚያው ይከማቻል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። እባካችሁ ሌላውን ባትመዝኑ እንኳ ዘይቱን በማንኪያ ስፈሩ።

ወጡ ሲበስል ከነድስቱ መዘንነው፤ 1,920 ግራም። 870ውን ስንቀንስ ወጡ 1,050 ግራም ሆነ። 1,286ን ለ1,050 አካፍለን በ100 ስናባዛ፣ በ100 ግራም 122 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መጣ። ጨውም በዚያው መንገድ በ100 ግራም 0.95 ግራም። አራት ሆነን ስለበላን ለእያንዳንዳችን 2.5 ግራም ጨው ደረሰን። ለእናቴ ይህ የቀኗ ግማሽ ነው። ገና እንጀራው፣ ቁርሱና ራቱ አልተቆጠሩም። ሽሮው ሲዘጋጅ የገባ ጨው ካለም ከዚህ በላይ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ጨውን ወደ 6 ግራም አወረድነው፤ ለአንድ ሰው 1.5 ግራም። ነጭ ሽንኩርቱንና ኮሰረቱን ጨመር አደረግን። የመጀመሪያው ሳምንት «አልጫ አልጫ ይላል» የሚል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አላነሳውም።

ድስቱን በየጊዜው ባዶውን መመዘን አይመችም፤ ወጥ ከገባበት በኋላ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ የየድስቶቹን ባዶ ክብደት አንድ ጊዜ መዝናችሁ ጻፉ። የእኛዎቹ ማቀዝቀዣው በር ላይ በእማዬ እጅ ጽሑፍ ተለጥፈዋል፦ የሽሮው 870፣ የዶሮው 1,640፣ የሩዙ 710።